እናቴ ከኮምቦልቻ ደሴ መጣች፤ ክፍሏን ያለ ከሰል እንዴት ላሙቅላት?

ይህን ጥያቄ መድረኩ ላይ ያቀረብኩት በጥቅምት አጋማሽ ነበር። እስከ ዛሬ 29 መልስ ደርሶኛል። ውይይቱ ረዝሟል፤ መሐል ላይም ጠንከር ያለ ክርክር ተነስቶበታል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚያዳግተው፣ የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን በየቁጥሩ እተርካለሁ።

የጠየቅሁት ይህ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ኮምቦልቻ ነው፤ ዘንድሮ ጉልበቷ ስለደከመ መስከረም ላይ ወደ እኔ ወደ ደሴ አመጣኋት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሐረጎን የወጣ ሰው ግን የሚቀበለው ሌላ አየር ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። እናቴ እዚያ እያለች በነጠላ የምታመሽ ሴት ነበረች። እዚህ ግን ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ትቀመጣለች። ሌሊት ተነስቼ ሳያት እንቅልፍ ወስዷት እንኳ እጇ ከብብቷ አይወጣም።

የተከራየነው ክፍል 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ኮርኒስ የለውም፤ በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ይዞራል። በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ምን ማድረግ እችላለሁ አልኩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ከሰል እናቴ በምትተኛበት ክፍል አይገባም። ከሦስት ዓመት በፊት በታኅሣሥ አንድ ማታ ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ምድጃውን ከነፍሙ ጥግ ላይ ትቼው ተኛሁ። ጭስ አልነበረውም፤ ጥርት ያለ ቀይ ፍም ነበር፤ ስለዚህ ምንም አልሰጋሁም። የነቃሁት ልጄ ስታስመልስ ነው። ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ይዞኛል፤ ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በሩ ጋ የደረስኩት በደረቴ እየተሳብኩ ነው። ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምታ ልጄን አቅፋ ባታወጣት ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

1። መጀመሪያ የመለሰልኝ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በጣም በትሕትና፣ ሽማግሌ ሰው ከለመደው አየር እንደማይነቀል አስታወሰኝና ቢያንስ ከሕዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት እናቴን ወደዚያው ብመልሳት እንደሚሻል መከረኝ። የሚያስታምማት ሰው እዚያ ቢኖር ኖሮ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

2። የፒያሳ ነዋሪ የሆነች ሴት ወዲያው ተከትላ የኮምቦልቻውን ሰው ወባን ረሳህ ወይ ብላ ጠየቀችው። በደሴ ከፍታ ወባ እንደ ቆላው አይራባም፤ ብርድ ደግሞ በልብስ ይሸሻል ባይ ናት። እኔን አብሽሪ ብላኝ አለፈች። ይህች አጭር መልስ ኋላ ላይ ያልጠበቅሁትን ነገር ስባ አመጣች።

3። ሸዋ በር አካባቢ የሚሠራ አናጺ ረጅምና ቁም ነገር ያለው መልስ ጻፈ። እርሱ እንደሚለው እኔ ስለ ግድግዳው ስጨነቅ ቤቴ የሚቀዘቅዘው ከላይ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ከቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ውሃ የሚንጠባጠበው ትንፋሻችን እዚያ ሲደርስ ጤዛ ስለሚሆን ነው። ኮርኒስ ሲሠራ በቆርቆሮውና በእኛ መካከል የሚታገተው አየር እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ለእኔ ክፍል 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ችፑድ በስፋቱ 5 እንደሚበቃ፣ ለመቁረጫ ግን 6 መግዛት እንደሚሻል ሳይቀር አስልቶ ጻፈልኝ። በማግስቱ ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ከነእንጨቱና ከነምስማሩ የዘንድሮ አቅሜ አልሆነም። አከራያችንም ለቤቱ የሚጨምረው ገንዘብ እንደሌለው ነገረኝ።

4። አንዲት እናት የእህል ማዳበሪያ ከረጢት ቀድዶና ሰፍቶ ከጣሪያው ሥር መወጠር እንደሚቻል ጻፈች። እርሷ 16 ከረጢት ሰፍታ ሁለት ክፍል አልብሳለች።

5። ይህን መልስ ያረመ ሰው ግን አለ፤ መታረምም ነበረበት። ከረጢቱ ናይለን ነው፤ ሻማ ቢነካው ወይም የመብራት ሽቦ ብልጭታ ቢወርድበት በቅጽበት ይያያዛል፤ ሲነድም እየቀለጠ በተኛ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ በሚበራበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከረጢት ሰፍታ የጻፈችውም ሴት ሳትቀየም አመስግናው ሻማውን በፋኖስ እንደምትለውጥ ገለጸች።

6። የባንክ ሠራተኛ እንደሆነ የገለጸ ወጣት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ነገሩን እንድገላገል መከረኝ።

7። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መለሰለት። ማሞቂያው 2,000 ዋት ከሆነ በማታ 4 ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር 240 ማለት ነው። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ጎረቤት ሁሉ ከእኔ ጋር ወደ ከፍተኛው ዋጋ ይወጣል። በዚያ ላይ 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ይህን አይችልም። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ የፕላስቲክ ሽታ እየመጣ ማሞቂያውን የሚያበሩ ቤቶች ገብቶ እንደሚያውቅ ጻፈ። ኮርኒስ በሌለው ቤት ማሞቂያ ማብራት በተቀደደ ስልቻ ጤፍ እንደ መጫን እንደሆነም አከለበት። የባንኩ ወጣት ሳይመልስ ቀረ።

8። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር የ7ኛውን ሒሳብ ወስደው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት፤ እኔ በጣም የወደድኩት መልስ ነው። ክፍሉን ትተሽ ሰውየውን አሙቂ ነው ምክራቸው። ሁለት ሊትር ውሃን ከ15 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ የሚፈጀው ኃይል 0.13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ማሞቂያው በአንድ ማታ በሚበላው 8 ኪሎዋት ሰዓት እንዲህ ያለ ውሃ ከ60 ጊዜ በላይ ይሞቃል። ውሃው ፋርማሲ በሚሸጠው የጎማ መያዣ ተሞልቶ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት አልጋ ውስጥ ይገባል። ቀጭን የለስላሳ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ እንደሚኮማተርና ሊያፈስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑንም ጨምረዋል፤ ሽሯችን ለምን እንደሚዘገይ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

9። ነርስ ናት። በመምህሩ ሐሳብ ተስማምታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እናቴ የስኳር ሕመም አለባት ወይ? የስኳር ሕመም የቆየበት ሰው እግሩ ሙቀትን ላይለይ ስለሚችል ሳይታወቀው ይቃጠላል። መያዣው ከእግር አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ሰውየው ሲተኛም ይውጣ አለች። እናቴ ስኳር የለባትም፤ ቢሆንም እንደተባለው አደርጋለሁ።

10። እዚህ ላይ ነው ውይይቱ የጠነከረው። የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር የሆነ ሰው በደሴ ብርድ ያለ ከሰል ክረምትም በጋም እንደማይታለፍ፣ አያቶቻችን በእሳት ዙሪያ ኖረው መቶ ዓመት እንደደረሱ፣ እኔ በራሴ ቸልተኝነት የደረሰብኝን በከሰል ላይ እንዳላከክሁ ጻፈ። በሚገባ የተያያዘ ፍም ማንንም ገድሎ አያውቅም ሲልም ደመደመ። አነጋገሩ ወጋኝ። ቸልተኝነቴን እኔም አልካድኩም፤ ልጄን ባየኋት ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

11። ነርሷ ተመልሳ መጣች፤ የዚህ ጊዜ ትሕትና አልነበራትም። ገዳዩ ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ቀይ ፍም ጭስ ስለሌለው ጋዙ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ተዘናግቶ የሚተኛው በዚያ ሰዓት ነው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቀድመው ይጎዳሉ። የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ የሚጽፍ ሰው የሌላውን ቤት እንደሚያፈርስ ነግራው ጨረሰች።

12፣ 13። አንዱ ምድጃው አጠገብ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ጋዙን እንደሚስበው፣ ሌላው ሎሚ ፍሙ ላይ መጣል እንደሚያከሽፈው ጻፉ። ሁለቱንም መምህሩ በቁጥር 14 አርመዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ሎሚውም ሽታ ከመስጠት በቀር የሚሠራው የለም። እንዲህ ያለው ልማድ ሰውን የሚጎዳው ልቡን አሳርፎ ስለሚያስተኛው ነው።

15። አንዲት ሴት አራት መስመር ብቻ ጻፈች። እህቷ በተከራየችው ክፍል ውስጥ፣ ልብስ ከተኮሰችበት ከሰል ጋር ተኝታ አልነቃችም። ልብሱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

16። ዝምታውን የሰበረው አንድ ተማሪ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር። ክፍተቱን ሁሉ እንድንደፍን እየተመከርን ነው፤ እስከ ዛሬ ከሰል አድርገው ያልሞቱ ሰዎች የተረፉት በዚያው ክፍተት ቢሆንስ?

17። አናጺው መልሱን ሰጠ፤ ከ29ኙ መልስ አንድ ብቻ አስቀር ብባል ይህን ነው የማስቀረው። የተማሪው ግምት ልክ ነው። ቆርቆሮ የሚመታ ሠራተኛ ከግድግዳው ጫፍ በላይ የሚተወው ክፍተት ማድ ቤቱንና ሳሎኑን ከመታፈን ሲያድን ኖሯል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መሳት የለበትም፤ በመጀመሪያ ከሰሉ ለዘለቄታው ከመኝታ ክፍል ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ክፍተቱ ይደፈናል። ክፍተቱን ደፍኖ ከሰሉን ያስቀረ ሰው ቤቱን ከቀድሞው የባሰ አደገኛ አደረገው። እርሱ ራሱ ኮርኒስ ሲሠራ ባለቤቱን ከሰል የት እንደሚያነድ ሳይጠይቅ ምስማር እንደማይመታ ጻፈ።

18። ከቦሩ ሜዳ አንድ አባት ስለ አያቶቻችን የተነሳውን ነገር አቀኑት። አያቶቻችን በእሳት ዙሪያ የኖሩት በሣር ክዳን ቤት ነው። ሣር ጭሱን እየወሰወሰ ያሳልፋል፤ ሙቀቱን ግን ይይዛል። ቆርቆሮ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀቱን ይለቃል፣ በሚገባ ከተዘጋ ደግሞ አየር አያሳልፍም። የጎጆ ልማድ ወደ ብሎኬት ቤት ሲዛወር አብሮ የሚዛወረው እሳቱ እንጂ ጣሪያው አይደለም። እኚህ አባት በተናገሩ ጊዜ የሁሉም ቁጣ በረደ።

19። ሾፌሩ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ምድጃ ማስገባት እንደተወ ጻፈ። ቡናው በር ተከፍቶ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይወጣል፤ በሩ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። እኔንም ነርሷንም ይቅርታ ጠየቀን። በልቤ የያዝኩበት ነገር አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ያን ቀን ግን ለቀቀኝ።

20፣ 21። የቦሩ ሜዳው አባት ስለ ጭቃው ጨመሩልኝ። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለሳምንት ያህል መቡካት አለበት፤ ምርጊቱ የሚሠራው ዝናብ እንደወጣ፣ ውርጭ ሳይጀምር ነው። ሌላ ሰው ዋልካ አፈር ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅና ቀይ አፈር እንደሚሻል አስታወሰ። እኔ የግድግዳውን ስንጥቅ በዚሁ መንገድ በሁለት ቅዳሜ ደፈንኩ።

22። ብርዱ የሚገባበትን ቀዳዳ እንዴት እንደማገኝ ያስተማረችኝ ሴት ትባረክ። ሰንደል ለኩሶ፣ ነፋስ ባለበት ማታ በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ማዞር ነው። አደረግሁት። ቀጥ ብላ ትወጣ የነበረችው የጭስ ክር በመስኮቱ ግራ ጠርዝ ስትደርስ በአንድ ጊዜ ወደ ፊቴ ታጠፈች፤ በበሩ ሥር ደግሞ ጨርሳ ተበተነች። የጠረጠርኩት የቀኙን መስኮት ነበር። በበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ስፖንጅ ቆርጬ አስገባሁ።

ከ23 እስከ 26። ወሬው ወደ ምግብ ሄደ። በጥቅምት አንድ አጥንት ያለው ሰው፣ የነቢያት ጾም ሕዳር 15 እንደሚገባና ከዚያ በኋላ አጥንት የማይቀመስ መሆኑን ያስታወሰው፣ ለአረጋዊ የአጃ አጥሚት ከሥጋ እንደሚሻል የመከረችው ሁሉ ተቀባበሉ። አንዱ ደግሞ ሕዳር 12 የሚታጠነው የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ መታሰቢያ መሆኑን ጠቅሶ፣ በዚያ ማታ የቆሻሻው ጭስ ከተማው ላይ ሲተኛ ሳል ያለባቸው ሰዎች መስኮት እንዲዘጉ አሳሰበ። ከርዕሱ ቢወጣም ለእናቴ ጠቅሟታል። አጥሚቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም።

27። ሰኞ ገበያ ጋቢ የምትሸጥ ሴት ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከላይ እየደረበ ከታች ሲረሳ ነው አለች። ስፖንጅ ፍራሽ በሰውነት ክብደት ይጨፈለቃል፤ የታመቀ ነገር ደግሞ አየር ስለማይዝ አያሞቅም፤ የሊሾው ቅዝቃዜ በቀጥታ ይወጣል። ከፍራሹ ሥር ካርቶንና ሰሌን፣ ከፍራሹ ላይ አጎዛ እንዳደርግ ነገረችኝ። ጋቢ ወደ ሰውነት፣ ባና ወይም ብርድ ልብስ ወደ ውጭ ይሁን፤ ሁሉም በየጥቂት ቀኑ ረፋድ ላይ ፀሐይ ይመታው፤ እርጥበት የያዘ ጋቢ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። አጎዛው የኩታበር በግ ነው፤ ጠጉሩ ጣት ይውጣል። እናቴ መጀመሪያ ባየችው ቀን በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው።

28። በመጀመሪያው ቁጥር እናቴን እንድመልሳት የመከረኝ የኮምቦልቻ ሰው እንደገና ጻፈ። ወባን ያነሳችበት ሴት ሳታስበው አንድ ነገር አስታውሳዋለች፤ እናትሽ ስትመጣ የአልጋዋን አጎበር ይዛ አልመጣችም ወይ? ይዛ መጥታለች። ከሻንጣው ሥር ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ ደሴ ላይ ምን ያደርጋል ብዬ አላወጣሁትም። ሰውየው በአጎበሩ ላይ አቡጀዴ ደርቤ አልጋውን ዙሪያውን እንድከልለው ነገረኝ። ክፍሉን በሙሉ ማሞቅ ካልቻልሽ ትንሽ ክፍል በክፍሉ ውስጥ ሥሪላት፤ የራሷ ሙቀት ይበቃታል። ኮርኒስ ለማይሠራ አከራይ ፈቃድ መጠየቅም ምስማር መምታትም አያሻም። ነርሷ ሐሳቡን ደግፋ ጨርቅ ብቻ እንዲሆን፣ ፕላስቲክ ፈጽሞ እንዳይነካው፣ በራስጌ በኩልም ትንሽ እንዲከፈት አሳሰበች።

ባለፈው ዓርብ ሠራሁት። እናቴ ከውስጥ ሆና ጨርቁን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ፤ ሙሽራ አደረግሽኝ አለችና ሳቀች። ሌሊት በ9 ሰዓት ተነስቼ እጄን አስገባሁ፤ ከውጭው አየር የተለየ ለብ ያለ ነገር ተቀበለኝ። ሁለት እጇ ከጋቢው በላይ ነበር።

29። የመጨረሻው መልስ ትናንት ማታ የገባ ነው። ከሆጤ የምትጽፍ ሴት እርሷም አባቷን እንደምታስታምም ገልጻ ስንት ሜትር አቡጀዴ እንደፈጀብኝ ጠየቀችኝ። አልጋው 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ90፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ አቡጀዴ 9 ሜትር በቅቶኛል። አባትሽ ሌሊት የሚነሱ ከሆነ መግቢያውን በበሩ በኩል አድርጊው፤ ጨርቁም መሬት አይንካ፤ እግር ይጠልፋል።